በሥራ ብዛት መካከል ስለሚወሰን ዕረፍት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን በመወከል የተነገረ ንግግር)



እንደ ልማዱ ከሆነ የመጨረሻው ዓመት ተማሪዎች በዚህ መድረክ ላይ የሚናገሩት ስለ ትጋት ነው። ከእኛ በፊት ካለፉት ታላላቆቻችን ስለ ትጋት ብዙ ሰምተናል፤ የተናገሩትም ሁሉ ትክክል ነው። እኛ ግን ዘንድሮ ተመካክረን ስለ ዕረፍት ለመናገር ተስማማን። ሐሳባችን በክፍል ውስጥ በተሰማ ጊዜ ሳቅ አልቀረም። «ፈተናው ደጅ ላይ ቆሞ ሳለ ስለ ዕረፍት የሚያወሩ እነዚህ ምን ዓይነት ሰነፎች ናቸው?» ያሉንም ነበሩ። እኛም ይህን ርእስ የመረጥነው ፈተናው ደጅ ላይ ስለ ቆመ ነው።

በመጀመሪያ ስለ የትኛው ዕረፍት እንደምንናገር እንግለጽ። ሥራ ሁሉ ካለቀ በኋላ ይመጣል ተብሎ ስለሚጠበቀው ዕረፍት አይደለም፤ ሥራ መቼም ቢሆን አያልቅምና። የምንናገርለት በሥራው መካከል ሰዓቱ ታውቆ፣ ቀኑም ተቆጥሮ የሚገባው ዕረፍት ነው።

እስቲ ከቋንቋችን እንጀምር። አንድ ሰው ሥራውን አቁሞ ጥቂት ቢቀመጥ «ዐረፈ» እንላለን፤ ቢሞትም «ዐረፈ» እንላለን። ልጅ ሲረብሽ እናቱ «አርፈህ ተቀመጥ!» ብላ ትቆጣዋለች። «ሥራ ፈት» ማለት ስድብ ነው፤ «ሲያርፍ አይታይም» ማለት ግን ትልቅ ምስጋና ነው። ይህን ብቻ የሰማ እንግዳ ሰው፣ በአገራችን ዕረፍት የተሰጠው ለሙታንና ለተቆጡት ልጆች ብቻ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። ነገር ግን ያው ቋንቋችን ሌላም ነገር ይዟል። ጧት ስንገናኝ አስቀድመን የምንጠይቀው ስለ ሌሊቱ ነው፤ «እንዴት አደራችሁ» እንላለን። ማታ ስንለያይም «ደኅና እደሩ» እንባባላለን። አባቶቻችን የሰውየው ሌሊት ደኅና ማለፉን ሳይጠይቁ ወደ ሌላ ጨዋታ አይገቡም። እኛም ሰላምታውን ይዘነዋል፤ ጥያቄውን ግን የዘነጋነው ይመስላል።

እንግዲህ ከትምህርት ቤታችን በር ወጥተን ጥቂት እንራመድ። ሜክሲኮ አደባባይ በሥራ ቀን ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል በኋላ ምን እንደሚመስል ለወላጆቻችን መንገር አያስፈልግም። የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ፣ የተግባረ እድና የንግድ ሥራ ኮሌጅ ተማሪ፣ የባንኩ ጸሐፊ፣ ከሠንጋ ተራም ሆነ ከቡና ቦርድ በኩል የሚመጣው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ አደባባዩ ይፈስሳል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከራሳችን በላይ ያልፋል፤ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄደውና ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄደው መስመር ሁለቱም በሜክሲኮ በኩል አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። ይሁን እንጂ የታክሲው ሰልፍ አልቀረም። ወደ ጀሞ፣ ወደ አየር ጤና፣ ወደ ሳሪስ የሚሄደው ሰው ተራውን ይዞ ይቆማል። ቆሞ የሚያንቀላፋም ይታያል፤ የፊተኛው ሰው ሲራመድ እንደ ነቃ ሁሉ አንድ እርምጃ ይራመዳል።

በዚህ ሰልፍ ውስጥ ከእኛ መካከል ብዙዎች አሉ። አንድ ተማሪ ጀሞ ከቤቱ ሲደርስ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ይሆናል እንበል። ራቱን በልቶ፣ የታዘዘውን ሠርቶ፣ ደብተሩን ሲገልጥ 3 ሰዓት ሆኗል። የጧቱ ደወል እንዳያመልጠው ደግሞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሣት አለበት። ከ3 እስከ 11 ያለው ስምንት ሰዓት ነው። የቤት ሥራውና እንቅልፉ የሚካፈሉት ይህንኑ ስምንት ሰዓት ነው። በዚህ ክፍፍል ሁልጊዜ የሚረታው እንቅልፍ ነው። ለቤት ሥራው መምህሩ አለለት፤ ለእንቅልፍ ግን ጠበቃ የለውም።

በእኛ ዕድሜ ላለ ሰው የሚያስፈልገው እንቅልፍ በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ወጣት በየሌሊቱ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ ለወላጆቻችን አንድ ነገር ብንጨምር አይከፋም። በጉርምስና ዘመን በሰውነታችን ውስጥ እንቅልፍን የሚጠራው ንጥረ ነገር ከልጆችም ከትልልቅ ሰዎችም ይልቅ አምሽቶ ይመጣል። ስለዚህ ልጃችሁ በ2 ሰዓት ተኩል ተኛ ሲባል ዓይኑ አልከደን ቢለው፣ ጧት ደግሞ አልነሣ ቢል፣ ሁሉንም ነገር በስንፍና አትቁጠሩበት። ስንፍናም አለ፤ እሱን አንክድም።

አሁን ወደ ፈተናው እንምጣ። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ጀመረ። በዚያ ዙር ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ውጤቱ በጥር 2015 ዓ.ም. በተነገረ ጊዜ እኛ ገና በታናናሾቹ ክፍሎች ውስጥ ነበርን፤ ታላላቆቻችን ግን ደብተራቸውን አቅፈው ሲያለቅሱ አይተናል። ከዚያ ወዲህ ይህ ቁጥር ከክፍል ወደ ክፍል ሲነገር ኖሯል። በኋላ ዓመታት ውጤቱ በመጠኑ ቢሻሻልም ፍርሃቱ እንዳለ ነው። ፍርሃቱም ከሁሉ አስቀድሞ የወሰደው እንቅልፍን ነው። እግርን በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክሮ ማጥናት፣ እስከ ንጋት ሻማ ማብራት፣ «እኔ እኮ ትናንት አንድ ሰዓት ብቻ ነው የተኛሁት» ብሎ መኩራራት እንደ ጀግንነት ተቆጠረ።

ይህ ጀግንነት ይጠቅም እንደሆነ እንመርምር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1924 በአሜሪካ አገር በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጄንኪንስ እና ዳለንባክ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ሊቃውንት አንድ ፈተና አድርገው ነበር። ሁለት ተማሪዎች ትርጉም የሌላቸውን አሥር አሥር ቃላት በቃላቸው እንዲይዙ ተደረገ። አንዳንድ ጊዜ ካጠኑ በኋላ ወዲያው ይተኛሉ፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ካጠኑ በኋላ ነቅተው የዕለት ሥራቸውን ይሠራሉ። ከስምንት ሰዓት በኋላ ሲጠየቁ፣ ነቅተው ከቆዩ ከአሥሩ የሚያስታውሱት በአማካይ አንዱን ያህል ብቻ ነበር፤ ተኝተው ከሆነ ግን ከአሥሩ ከአምስት የሚበልጠውን ያስታውሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ብዙ ምርምሮች ምክንያቱን አስረድተዋል። ቀን የተማርነው ነገር በአንጎል ውስጥ ተደራጅቶ የሚቀመጠው ይልቁንም በከባድ እንቅልፍ ጊዜ ነው። ተማሪው ተኝቶ ሳለ አንጎሉ ያጠናለታል ብንል ከእውነት ብዙ አንርቅም። ሌሊቱን ሙሉ የሚያጠናው ጓደኛችን እንግዲህ በአንድ በኩል እህሉን ወደ ጎተራ ይከታል፤ በሌላ በኩል የጎተራውን ሥር ይከፍታል።

ሌላም ታሪክ አለ፤ እርሱ እንኳ ለጨዋታ ያህል ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 መጨረሻና በ1964 መጀመሪያ፣ ራንዲ ጋርድነር የተባለ የ17 ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በካሊፎርንያ በሳንዲዬጎ ከተማ፣ ለትምህርት ቤቱ የሳይንስ ትርኢት ብሎ 264 ሰዓት፣ ይኸውም አሥራ አንድ ቀን ያለ እንቅልፍ ቆየ። በመጨረሻው ቀን ከመቶ እየተነሣ ሰባት ሰባት እንዲቀንስ ጠየቁት። 93፣ 86፣ 79፣ 72፣ 65 አለና ቆመ። ለምን እንደ ቆመ ሲጠየቅ ምን ሲሠራ እንደ ነበር ረስቶት ነበር። የሒሳብ ፈተና ለሚጠብቀን ለእኛ ይህ ታሪክ ሊያስቀን የሚገባ አይደለም፤ ቢሆንም በክፍል ባነበብነው ጊዜ ስቀናል።

እንቅልፍን ለማባረር ቡናና ጫት የሚወስዱ ተማሪዎች መኖራቸው የተሰወረ አይደለም። ቡናን ለመንቀፍ አንደፍርም፤ በቡና አገር ተወልደን፣ ከቡና ቦርድ አጠገብ እየተማርን እንዴት እንደፍራለን? ነገር ግን በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ድካምን አያስወግድም። አንጎል ደክሜያለሁ ብሎ የሚልከውን ምልክት ብቻ ይጋርደዋል። ከጠጣነውም ውስጥ ግማሹ ከደማችን እስኪወጣ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከምሽቱ 12 ሰዓት የጠጣነው ስኒ በ5 ሰዓት ገና ግማሹ ከእኛ ጋር ነው ማለት ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሦስቱም በጊዜያቸው ሲሆኑ መልካም ናቸው፤ ይልቁንም ቡናው ሲፈላ ሰዎች ተሰብስበው መቀመጣቸው ራሱ ዕረፍት ነው። የጫቱ ነገር ግን ሌላ ነው። ዛሬ የነጠቀውን እንቅልፍ ነገ በመንፈስ መጨፍገግ ያስከፍላል፤ ከዚህ በላይ ልናወራለት አንፈልግም።

ላቦራቶሪ ሳይኖራቸው ይህን ነገር ያወቁ ሰዎች በአገራችን ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ከገጠር የመጣችሁ ጓደኞቻችን እንደምታውቁት ገበሬ መሬቱን በየዓመቱ ሳያቋርጥ አያርሰውም። የደከመውን ማሳ አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይተወዋል፤ ይህንም «መሬቱን ጦም አሳደረው» ይላሉ። ቃሉ ማሳው እንደ ተራበ ያስመስለዋል፤ በእውነቱ ግን ማሳው የሚጠግበው ያን ጊዜ ነው። በሬዎቹም እንዲሁ ናቸው። ገበሬው ማለዳ ይጠምዳል፤ ፀሐይ ስትበረታ ጥማዱን ይፈታል። አስተውሉ፤ በሬው እስኪወድቅ ቆይቶ አይፈታም፤ ሰዓቱ ሲደርስ ይፈታል። ከእኛ ንግግር ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ መሄድ ብትፈልጉ ይህን የጥማድ ነገር ብትይዙልን ደስ ይለናል። የከተማ ሰው የሚያርፈው በሬ ቢሆን ኖሮ ከወደቀ በኋላ ነው፤ ራሱን ሲያመው፣ ደም ግፊቱ ሲወጣ፣ ሐኪም ሲያዝዘው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 የዓለም የጤና ድርጅትና ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት ባወጡት ጥናት መሠረት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ በመሥራት ምክንያት በደም ሥር መታወክና በልብ ሕመም በ2016 ዓመት ብቻ 745 ሺህ ያህል ሰዎች ሞተዋል።

የሳምንቱ ዕረፍትም በአገራችን ቀላል ታሪክ የለውም። ስለ አንድ የዕረፍት ቀን አገሩን ጥሎ የተሰደደ ሰው አለ ብንላችሁ ታምናላችሁ? አባ ኤዎስጣቴዎስ በ14ኛው መቶ ዓመት ቅዳሜም እንደ እሑድ እንዲከበር በማስተማራቸው ከብዙዎች ጋር ተጣልተው ከኢትዮጵያ ወጡ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1352 በአርመን አገር ዐረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው ግን ነገሩን አልተዉም። ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ፣ በ1450፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ሁለቱም ቀኖች እንዲከበሩ ተወሰነ። ክርክሩ የሃይማኖት ስለሆነ ወደ ውስጡ አንገባም። እኛን ያስደነቀን፣ ሰዎች ስለ ዕረፍት ቀን ያን ያህል መታገላቸው ነው። የእስልምና ተከታዮች ወንድሞቻችንም የዓርቡ ቀትር የታወቀ ሰዓታቸው ነው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በዓርብ ቀን የምሳውን ዕረፍት ከ5 ሰዓት ተኩል ጀምረው እስከ 7 ሰዓት ተኩል ማርዘማቸው ስለዚሁ ነው።

አንዳንድ የተማሩ ሰዎች በዓል በዛ፣ አገራችንን ያደኸያት የበዓሉ ብዛት ነው ይላሉ። ክርክሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በከፊል እውነት አላቸው፤ በረዶ ሊወርድ ደመናው ጠቁሮ ሳለ የደረሰ እህል በበዓል ምክንያት በማሳ ላይ ሲቀር ማየት ያሳዝናል። ነገር ግን ቁጥሩን ከሚነቅፉት ውስጥ ለሠራተኛው የታወቀ የዕረፍት ቀን አያስፈልገውም የሚል አልሰማንም። የእኛው ክፍለ ከተማ እንኳ የተጠራው በዚህ ዓይነት ቀን ስም ነው። ልደታ በየወሩ በ1 ቀን ትከበራለች፤ ግንቦት 1 ቀን ደግሞ ጎረቤት ሁሉ ከቤት ወጥቶ፣ ንፍሮ ቀቅሎ፣ ዳቦ ቆርሶ፣ ቡና አፍልቶ አብሮ ይውላል። በዚያን ዕለት የሰፈራችን ሰው የጎረቤቱን ልጆች ስም እንደገና ይማራል።

በዘመናችን ይህን ነገር ሕግ ይዞታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንትም ከ48 እንዳይበልጥ፣ ሠራተኛው በየሳምንቱ ሳይቋረጥ 24 ሰዓት እንዲያርፍ፣ በመጀመሪያው ዓመት አገልግሎቱም 16 የሥራ ቀን ፈቃድ እንዲያገኝ ያዝዛል። ዕድሜው ከ15 እስከ 18 ዓመት የሆነ ወጣት ሠራተኛ ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም ጨርሶ ሥራ ላይ እንዳይውል ይከለክላል። እንግዲህ የ17 ዓመት ወጣት በዚያ ሰዓት በፋብሪካ ቢገኝ አሠሪው ይጠየቃል፤ በዚያው ሰዓት በደብተር ላይ ተደፍቶ ቢገኝ ግን ጎበዝ ልጅ ይባላል።

ስለ ሕግ ካነሣን አደባባያችን ስለ ተጠራችበት አገር አንድ ነገር እንጨምር። ጣልያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ወረራውን አልቀበልም ካሉት ጥቂት መንግሥታት አንዱ የሜክሲኮ መንግሥት ነበር፤ አደባባያችን በስሟ የተጠራው ይህን ውለታ ለማስታወስ ነው፤ በእነርሱም ዋና ከተማ በኢትዮጵያ ስም የተጠራ አደባባይ አለ። ይህች ወዳጅ አገር ሕዝቧ እጅግ ብዙ ሰዓት በመሥራት ከሚታወቁት አገሮች አንዷ ናት። በዚያ አንድ ሠራተኛ ከመጀመሪያው ዓመት አገልግሎቱ በኋላ የሚያገኘው ፈቃድ ለረጅም ዘመን 6 ቀን ብቻ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከጥር 1 ቀን 2023 ጀምሮ ወደ 12 ቀን ከፍ ተደረገ። ይህም ሠራተኛው ዕረፍት የሚገባው ነገር መሆኑን በሕግ እስኪያሳምን ስንት ትውልድ እንደሚፈጅ ያስረዳናል። የእኛ 16 ቀን በወረቀት ላይ ከእነርሱ ይበልጣል። «ሥራ ስለ በዛ ፈቃዴን ወደ ሚመጣው ዓመት አስተላልፌአለሁ» የሚሉ አባቶች ግን በመካከላችን እንደ ተቀመጡ ልጆቻቸው ነግረውናል።

ክቡራን ወላጆች፤ እስካሁን የተናገርነው ሕግም ደወልም ስለሚደርስላቸው ሰዎች ነው። አሁን የምንናገረው ምንም ስለማይደርስላቸው ሰዎች ነው፤ ይህን ርእስ ስንመርጥ በመካከላችን ብዙ ያከራከረንም ይኸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በክፍላችን እሑድን እንዴት እንደምናሳልፍ እርስ በርሳችን ተጠያየቅን። ወንዶቹ ኳስ፣ ፊልም፣ ወዳጅ ዘንድ መሄድ፣ ጥናት አሉ። ሴቶቹ ልብስ ማጠብ፣ እንጀራ መጋገር፣ ለሳምንቱ ሽንኩርት መክተፍ፣ እንግዳ ማስተናገድ፣ ከዚያ በኋላ ጥናት አሉ። ከዚህ በኋላ ክፍሉ ጥቂት ጊዜ ዝም አለ። አንዷ ጓደኛችን «የእኛ ቤት እሑድ ሁሉም ያርፋል፤ እንዲያርፉ የማደርጋቸው እኔና እማዬ ነን» አለች። ይህን ስትናገር አልተቆጣችም፤ የተማረችውን ነገር እንደምትመልስ ተማሪ ነው የተናገረችው። ሁላችንም የምንቀመጠው ለአንድ ፈተና ነው፤ የፈተናው ወረቀት ተፈታኙ እሑድ ሲያጥብ ይዋል ወይም ሲያጠና ይዋል አይጠይቅም።

እናቶቻችንማ! የቡናው ሥርዓት ዕረፍት ነው ብለን ነበር። ለተቀመጠው ዕረፍት ነው፤ ለምትቆላዋ፣ ለምትወቅጠዋ፣ ለምታፈላዋና ስኒውን ለምታጥበዋ ግን አንድ ተጨማሪ ሥራ ነው። በዓሉም እንደዚሁ ነው። ሌላው ከሥራ የሚያርፍበት ቀን እርሷ ከሁሉ ቀን ይልቅ የምትደክምበት ቀን ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ዕረፍት አንዱ በሌላው ጀርባ ላይ ተደግፎ የሚገኝ ከሆነ፣ ዕረፍቱን ሳይሆን ድካሙን ቦታ አለዋወጥነው ማለት ነው።

ከእናቶቻችን በታች ደግሞ ሌላ ሰው አለች። በብዙ ቤት የቤት ሠራተኛ አለች፤ ዕድሜዋም ብዙ ጊዜ ከእኛ ጋር እኩል ነው። ከላይ የጠቀስነው አዋጅ በግለሰብ ቤት ተቀጥሮ የሚሠራውን ሰው አያካትትም፤ የእነርሱ ጉዳይ በሌላ ደንብ እንዲወሰን ትቶታል። ስለዚህ ሳምንታዊው 24 ሰዓትም ሆነ የ4 ሰዓቱ ገደብ ለእርሷ አልተጻፈም። ሰዓቷን የሚወስንላት የእመቤቷ ደግነት ብቻ ነው። ደግ እመቤቶች ብዙ ናቸው፤ ደግነት ግን በታመሙ ቀንና በተቆጡ ቀን ይለዋወጣል። በማታው ክፍል ከሚማሩት እኅቶቻችን መካከል ከእንዲህ ያለው ሥራ የሚመጡ አሉ። 11 ሰዓት ተኩል ላይ እኛ ስንወጣ እነርሱ ሲገቡ በበሩ እንተላለፋለን። ቀኑን ሙሉ ቆመው ውለው በዴስኩ ላይ ሲያንቀላፉ መምህራኑ እንደማይቆጧቸው ሰምተናል፤ ስለዚህም መምህራኖቻችንን እናመሰግናለን።

«ሲሮጡ የታጠቁት፣ ሲሮጡ ይፈታል» ይባላልና፣ ይህን ሁሉ ከተነጋገርን በኋላ ተረጋግተን ጥቂት ነገር ለመወሰን ሞከርን። ሁሉንም አልተስማማንበትም። ለምሳሌ ስልክ ከመኝታ በፊት አንድ ሰዓት ይጥፋ የሚለው ሐሳብ ብዙ ተቃውሞ አግኝቶ ወድቋል፤ የጥናት ወረቀቶቻችን በስልክ ነው የሚመጡ ተብሎ። በበኩላችን ክርክሩ እንዳላለቀ እንቆጥረዋለን።

የተስማማንበት ይህ ነው። እስከ ፈተናው ድረስ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን ደብተር ይዘጋል፤ ቀሪውን ለማንበብ የፈለገ ጧት ይነሣ። ከቅዳሜ ማታ 12 ሰዓት እስከ እሑድ ማታ 12 ሰዓት የትምህርት ነገር አይነካም። በዚያው ቀን እያንዳንዱ ወንድ ልጅ በቤቱ ውስጥ እስካሁን እኅቱ ወይም እናቱ ስትሠራው የነበረውን አንድ ሥራ ይወስዳል፤ እርሷም ያን ሰዓት ለራሷ ታደርገዋለች። «ወንድ ልጅ ሽንኩርት ሲልጥ ጎረቤት ቢያይስ?» ያለ ጓደኛ ነበረን፤ መጋረጃውን ዝጋ ተብሏል።

ከመምህራኖቻችን የምንለምነው ሁለት ነገር ነው። የየትምህርቱ ፈተናና የቤት ሥራ በአንድ ሳምንት ላይ እንዳይከመር መምህራን ተመካክረው በሰሌዳ ላይ ቢጽፉልን፤ ቤተ መጻሕፍቱም ከ10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ቢከፈትልን። ይህ ሁለተኛው የሜክሲኮን ሰልፍ የሚያውቅ ሁሉ የሚረዳው ነው። አንድ ሰዓት በሰልፍ ከመቆም ያን ሰዓት የቤት ሥራ ሠርቶ፣ ሰልፉ ሲያጥር መሄድ ይሻላል። ሴቶች ልጆች አምሽተው እንዳይቸገሩ በየአቅጣጫው ተቧድነን አብረን ወደ ታክሲው እንሄዳለን፤ የጀሞና የአየር ጤና ቡድኖች ስማቸውን ጽፈው ጨርሰዋል፤ የሳሪሱ ገና ነው። ወላጆቻችን ደግሞ ለልጆቻችሁ ብቻ ሳይሆን በቤታችሁ ለምትሠራውም ልጅ ከሳምንቱ ውስጥ አንድ የታወቀ ቀን፣ ከቀኑም አንድ የታወቀ የመኝታ ሰዓት እንድትወስኑላት እንለምናለን። «ሥራ ሲቀልሽ ትወጫለሽ» የሚለው ቀጠሮ ቀን የለውም።

ስምምነቱ የተጻፈበት ወረቀት ዛሬ በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ተለጥፏል። የተማሪዎች ፊርማ በግራ በኩል፣ የወላጆች ደግሞ በቀኝ በኩል ነው። በሁለቱ መካከል ከየስሙ ፊት ለፊት አንድ ባዶ መስመር ትተናል፤ እርሱም በዚያ ቤት ውስጥ እሑድ ቀን የማያርፈው ሰው ማን እንደ ሆነ የሚጻፍበት ነው። ብዕሩ እዚያው በክር ታስሯል።